ወናፍ በወናፍ ላይ፦ የአንዲት ዶጅ ሁለት ቱርቦዎች

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

መኪናዋ ዛሬ ገባች። የ1997 ዶጅ ራም 3500 ናት። ሞተሯ ባለ 5.9 ሊትር ከሚንስ፣ ስድስት ሲሊንደር፣ 12 ቫልቭ። ካምቢዮዋ ማንዋል ነው። ባለቤቷ በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ፣ በአይ 70 አውራ ጎዳና፣ ተሳቢ ላይ መኪና እየጫኑ ያመላልሳሉ። ከተማው 1,600 ሜትር ላይ ነው። መንገዱ የሚያልፍበት የአይዘንሃወር ዋሻ ደግሞ 3,400 ሜትር ገደማ። በመሃል ያለው ዳገት ነው።

«ዳገት ላይ ትታፈናለች» አሉ ጋሼ። «አስም እንደያዘው ሰው።»

ኮፈኑን ከመክፈቴ በፊት ተሳቢውን ዞሬ አየሁት። በማርሚታው በኩል ያለው ጎኑ ጥላሸት ለብሷል። በጣቴ ስነካው ከሰል የነካሁ መሰለኝ። ምርመራው እዚያው አለቀ ማለት ይቻላል።

ነገሩ የተለመደ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው የናፍጣ ፓምፑን፣ ቦሽ ፒ7100ን፣ አብዝቶ እንዲልክ ከፍቶላቸዋል። ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎችም በትልልቅ ቀይሮላቸዋል። ከፋብሪካ 215 የፈረስ ጉልበት ይዛ የወጣች መኪና አሁን ናፍጣ እንደ ልቧ ታገኛለች። የምትተነፍሰው አየር ግን ያው የድሮው ነው። አየር ያጣ ናፍጣ ግማሹ ጭስ ይሆናል፤ የቀረውም ዘግይቶ እየነደደ ጭስ የሚሰበስበውን ማኒፎልድ ያግላል። ጋሼ ተሳቢ ይዘው ሲወጡ የጭስ ሙቀት መለኪያው 1,450 ፋራናይት ያሳያል፤ ወደ 790 ሴልሺየስ መሆኑ ነው። እኔ ከ1,250 በላይ ረጅም ዳገት አልወጣም። ከዚያ አልፎ ከቆየ ፒስተን ሊቀልጥ ይችላል።

«ናፍጣውን ልቀንስልዎት?» አልኳቸው። አዩኝና ዝም አሉ። መልሱ ገባኝ።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ቡና ላይ የእህቴ ልጅ ጠየቀኝ። ኢንጂነሪንግ ሁለተኛ ዓመት ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ያግዘኛል።

«አጎቴ፣ ለምን አንድ ትልቅ ቱርቦ አንገጥምም? ቀላል አይደል?»

ቀላል ነው። ግን ቱርቦ በሞተሩ ጭስ እየዞረ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ ነውና፣ ትልቁ ሰነፍ ነው። ለመዞር ብዙ ጭስ ይፈልጋል። ጋሼ ሦስት መኪና ጭነው ከትራፊክ መብራት ሲነሱ ጭሱ ገና ትንሽ ነው፤ ቱርቦው እስኪነቃ ድረስ መስቀለኛ መንገዱን በጥቁር ደመና ይሸፍኑታል። አሁን ያለችው ትንሽ ቱርቦ፣ ሆልሴት ኤችኤክስ 35፣ ደግሞ ቶሎ ትነሳለች። ቶሎም ትታፈናለች። አንዱ ሩጫ አይጀምርም፣ አንዷ ሩጫ አትጨርስም።

ስለዚህ ሁለቱንም እናስገባ። ኮምፓውንድ የሚባለው ይኸው ነው። የአንጥረኛ ወናፍ አስቡ። ትልቁ ወናፍ አየሩን ከውጭ ይስባል። ነገር ግን ወደ እሳቱ አይነፋም፤ ወደ ትንሹ ወናፍ አፍ ይነፋል። ትንሹ የተጨመቀውን አየር ተቀብሎ እንደገና ይጨምቀዋል። ከዚያ አየሩን የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር፣ ከዚያ ሞተር።

ጭሱ በተቃራኒው ይሄዳል። ከሞተር ሲወጣ መጀመሪያ የሚያገኘው የትንሿን ተርባይን፣ በጭስ የሚዞረውን ክፍሏን፣ ነው። ትኩስና ጉልበት ያለው ስለሆነ ወዲያው ያዞራታል። የተረፈው ወደ ትልቁ ይወርዳል። ትንሿ ቶሎ የምትነሳው ለዚህ ነው። እሷ ሞተሩን ስታነቃ ጭሱ ይበዛል፤ ጭሱ ሲበዛ ትልቁ ይነሳል። ዱላ ቅብብል በሉት። ልዩነቱ፣ እዚህ ዱላውን የሰጠችው አታቆምም፤ ሁለቱም እስከ መጨረሻው አብረው ይሮጣሉ።

አሁን ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። የሁለቱ ግፊት አይደመርም፤ ይባዛል።

እኛ ሰፈር፣ ዴንቨር አጠገብ ያለችው ኦሮራ፣ የአየሩ ግፊት 12 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ገደማ ነው። ባሕር ጠለል ላይ 14.7 ነው። አዲስ አበባ ላይ 11 አካባቢ ስለሆነ የአገር ቤት መካኒክ ከእኔ የባሰ ችግር አለበት። ትልቁ ቱርቦ 12ቱን በ2.2 ቢያበዛ 26 ግድም ይሆናል። ትንሿ ያንን 26 እንደገና በ2.2 ታበዛዋለች። ወደ 58 ደረስን። ጌጅ፣ ማለትም ግፊት መለኪያው፣ ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ስለሚያሳይ 46 ይነበባል። ሁለቱም ግን እያንዳንዳቸው የሠሩት 2.2 ብቻ ነው። ያለ ጭንቀት።

ይህንኑ 46 ከኤችኤክስ 35 ብቻዋን እንጠብቅ ካልን አምስት እጥፍ ገደማ መጭመቅ አለባት። ከአቅሟ በላይ ነው። በዚያ ፍጥነት አየር ከመጭመቅ ይልቅ ማሞቅ ላይ ታተኩራለች።

ልጁ ስልኩን አውጥቶ ቀመሩን መታ። በ20 ሴልሺየስ የገባ አየር፣ አንዲት የደከመች ቱርቦ አምስት እጥፍ ብትጨምቀው፣ 330 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ይወጣል። በሁለት እርከን ከሆነ ከመጀመሪያው በ125፣ ከሁለተኛው በ265 ገደማ። ይህም ትኩስ ነው፤ ግን ኢንተርኩለሩ ይችለዋል።

«አንድ ነገር ግን አልገባኝም» አለ። «ትንሿ ብቻዋን የማታሳልፈውን አየር፣ ትልቁ ስለተጨመረ እንዴት ታሳልፈዋለች? ቀዳዳዋ ያው ነው።»

ጥሩ ጥያቄ ናት። ትንሿ ቱርቦ የምታውቀው ቁና እንጂ ሚዛን አይደለም። በደቂቃ ይህን ያህል ቁና ትሰፍራለች፤ ቁናው ውስጥ ገለባ ይሁን ጤፍ አይመለከታትም። ትልቁ የሚልክላት ጤፍ ነው። የቁናው ቁጥር ሳይጨምር ክብደቱ ጨመረ።

«2.2 እጥፍ ከበደ ማለት ነው?» አለ። አዎ ልል ስል ራሱ ቀደመኝ። አየሩ ስለሞቀ ተለጥጧል፤ ክብደቱ የጨመረው 1.62 እጥፍ ያህል ነው። ልጁ ትምህርቱን እየተማረ ነው ማለት ነው። ቡናው ቀዘቀዘብኝ እንጂ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

ትልቁ ደረሰ፤ ቦርግዋርነር ኤስ 475። አፉ 75 ሚሊሜትር ነው። የኤችኤክስ 35 አፍ 54 ነው። ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ድስትና ጀበና ይመስላሉ።

ዛሬ ግን ቱርቦ አልነካንም። ቀኑን የበላው የቴስታታው፣ የሲሊንደሮቹ ክዳን፣ ቡሎን ነው። ያን ሁሉ ግፊት ስታስገባ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጉልበት ቴስታታውን ወደ ላይ ይገፋዋል። የፋብሪካው ቡሎን ሊለጠጥ ይችላል። ከተለጠጠ ከክዳኑ ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ሄደ። ስለዚህ በጠንካራ ስተድ፣ ራስ በሌለው ቡሎን፣ ተካናቸው። እዚህ ሞተር ላይ ቴስታታውን ሳታነሱ መቀየር ይቻላል፤ አንድ ቡሎን ታወጣላችሁ፣ በቦታው አንድ ስተድ ታስገባላችሁ፣ ታጠብቃላችሁ፣ ወደሚቀጥለው። ሁለት አንድ ላይ ከፈታችሁ ግን ጸሎት ጀምሩ።

ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በጨርቅና በአየር አጸዳን። ከሥር የቀረ ዘይት ካለ ስተዱ ሲገባ ዘይቱን ይጨምቃል፤ ጠበቀ ብላችሁ የምታስቡት ስተድ ዘይት ላይ ቆሞ ነው። ይህ ሥራ ፎቶ ላይ አያምርም። ለዚህ ይመስለኛል ብዙ ሰው የሚዘለው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23

ብየዳ። ከጠዋት እስከ ማታ።

ትንሿ ማኒፎልዱ ላይ በቦታዋ ቀረች። ትልቁ በተሳፋሪው በኩል ከሷ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። ከትንሿ ተርባይን መውጫ ወደ ትልቁ መግቢያ የሚሄደው ቱቦ ግማሽ ሜትር ገደማ ነው። ከማይዝግ ብረት ሠራነው። በመሃሉ አኮርዲዮን የመሰለ ተጣጣፊ ቁራጭ አስገባሁ። ልጁ ለጌጥ መስሎት ነበር። ግማሽ ሜትር የማይዝግ ብረት 650 ዲግሪ ሲደርስ 5 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ያቺ 5 ሚሊሜትር መሄጃ ካጣች ወይ ብየዳውን ትሰነጥቃለች፣ ወይ የቱርቦውን እግር ትሰብራለች።

የትልቁም ክብደት በቱቦው ላይ እንዳይንጠለጠል ከሞተሩ ጋር የሚያያዝ ድጋፍ ሠራንለት። ከሻሲው ጋር ማሰር ስህተት ነው። ሞተሩ ይወዛወዛል፣ ሻሲው ይቆማል፣ መሃል ያለው ይሰበራል።

ከዚያ ጌጅ። ጋሼ አንድ ነበራቸው፤ ሞተሩ የሚያገኘውን ጠቅላላ ግፊት የሚያሳይ። እኔ ሁለት ጨመርኩ። አንዱ በሁለቱ ቱርቦዎች መሃል ያለውን ቱቦ ያነባል። ሌላው ማኒፎልዱ ውስጥ፣ ከትንሿ ተርባይን በፊት፣ የጭሱን ግፊት።

«አውሮፕላን ልታደርጋት ነው?» አሉ ጋሼ ዋጋውን ሲሰሙ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 30

የመጀመሪያ ማስነሳት። ዘይት ቱርቦዎቹ ዘንድ ሳይደርስ ማስነሳት ነውር ነው። የናፍጣ መዝጊያውን ሶሌኖይድ ነቅለን፣ ሞተሩ ሳይነሳ በሞተሪኖ ብቻ አዞርነው። የትልቁን የዘይት መመለሻ ፈትተን ሥሩ ጣሳ ያዝን። ዘይት ሲንጠባጠብ አይተን ገጠምነው።

ተነሳች! ድምጿ ለስለስ ብሏል። ሁለት ደቂቃ ያህል ተቃቀፍን።

ከዚያ ሰማያዊ ጭስ። መጀመሪያ ቱቦው ላይ የቀረ ቅባት ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። በአምስተኛው ደቂቃ ጋራዡ ጠበል ቤት መሰለ። የጎረቤት ሱቅ ሰውየ መጥቶ እሳት ተነሳ ወይ አለን። አጠፋናት።

የትልቁን ጭስ መውጫ ስፈታ ውስጡ በዘይት ረጥቧል። አዲስ ቱርቦ ነው። ልጁ «ይመለስላቸው» አለ። እኔም ለትንሽ ሰዓት ሻጩን በልቤ ረገምኩት።

እሑድ፣ ሰኔ 1

ጰራቅሊጦስ ነው፤ ብረት አልነካሁም። ቅዳሴ ላይ ቆሜ ግን ስለ ዘይት እያሰብኩ ነበር። ይቅር ይበለኝ።

ከሰዓት አንድ የድሮ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ደወለ። እሱም መካኒክ ነው። «ላንድክሩዘር ቪ8ም እኮ ሁለት ቱርቦ አለው፤ ምን አዲስ ነገር ሠራህ?» አለኝ። አለው፤ ግን ያ ሌላ ነው። የላንድክሩዘር 200 ባለ 4.5 ሊትር ናፍጣ ሞተር ላይ ሁለቱ ቱርቦዎች እኩያ ናቸው፤ አንዱ ለግራው አራት ሲሊንደር፣ አንዱ ለቀኙ። ጎን ለጎን ይሠራሉ እንጂ አንዱ ለሌላው አያቀብልም። እዚያ ግፊት አይባዛም። ከፋብሪካ ተከታትለው የሚሠሩ ሁለት ቱርቦዎች ይዞ የወጣ ፒክአፕ ከተባለ የ2008ቱ ባለ 6.4 ሊትር ፎርድ ፓወር ስትሮክ አለ። ቢኤምደብሊውም በ2004 በ535 ዲ ላይ ትንሽና ትልቅ አድርጎ አውጥቷል።

ስሙ የሚያሳስተው ሌላም አለ፤ ቱርቦ ኮምፓውንድ። ስካኒያ በ1991 ያወጣው ዓይነት። እዚያ ሁለተኛው ተርባይን አየር አይጨምቅም፤ የተረፈውን የጭስ ጉልበት በጥርስ አድርጎ ወደ ሞተሩ ዘንግ ይመልሳል። ስማቸው ይቀራረብ እንጂ ሥራቸው አይገናኝም።

ስለ ዘይቱ ስነግረው ወዲያው ጠየቀኝ። «መመለሻው ስንት ያዘቀዝቃል?»

ዝም አልኩ።

ማክሰኞ ማታ፣ ሰኔ 3

መመለሻው አያዘቀዝቅም። ትልቁን ዝቅ አድርጌ ስላስቀመጥኩት የዘይት መመለሻ ቱቦው ወደ ካርተሩ፣ ወደ ሞተሩ ዘይት ማጠራቀሚያ፣ የሚሄደው ጠፍጣፋ ሆኖ ነው። በአንድ ቦታ ላይማ ትንሽ ሆድ ሠርቷል። ዘይት ወደ ቱርቦ የሚገባው በፓምፕ ግፊት ነው። የሚወጣው ግን በራሱ ክብደት ብቻ ነው። ቱርቦው ውስጥ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ጠፍጣፋ ቱቦ ውስጥ አይሄድም። መውጫ ሲያጣ ዘይት እንዳያልፍ በሚከለክለው ማሸጊያ በኩል ወደ ተርባይኑ ያመልጣል። ቱርቦው ምንም አልሆነም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ድጋፉን ቆርጬ ትልቁን 6 ሴንቲሜትር ከፍ አደረግሁት። ሰፋ ያለ ቱቦ፣ ያለ ሆድ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ታች። አየር ቱቦዎቹን እንደገና መበየድ ነበረብኝ። ሁለት ሌሊት።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7

ጭሱ ጠፋ። ሽሯችንን በልተን ለሙከራ ወጣን።

በሁለተኛው ዳገት ላይ «ቧ!» የሚል ድምፅ። ልጁ አንገቱን ቀበረ። አንድ የሲሊኮን ማያያዣ ከቱቦው ተነቅሎ ነው። ስገጥመው እጄ ቅባት ነበረው። ጠርገን፣ በፍሬን ማጽጃ አጥበን መለስነው።

ከዚያ በደንብ ረገጥናት። ጠቅላላው ጌጅ 45 አሳየ! ጋሼ ከኋላ ወንበር ሆነው አጨበጨቡ። መሃለኛው ጌጅ ባይኖር እኔም አጨብጭቤ እመለስ ነበር።

መሃለኛው 5 ነው የሚለው። አምስት ብቻ።

አስሉት። 12 ሲደመር 5፣ 17። ትልቁ የሠራው 1.4 እጥፍ ነው። 12 ሲደመር 45፣ 57። ትንሿ 17ቱን ወደ 57 ወስዳዋለች፤ 3.35 እጥፍ። ትልቁ ተቀምጦ ትንሿ እየሞተች ነው። የጭሱ ግፊት ደግሞ 78 ይላል። ሞተሩ 45 ለማግኘት 78 እየገፋ ነው ማለት ነው። ጤነኛ ቢሆን ሁለቱ ቁጥሮች ተቀራራቢ ይሆናሉ።

አልገባኝም። ኤችኤክስ 35 ላይ ዌስትጌት የምንላት የጭስ መዝለያ በር አለች። ግፊቱ ሲበዛ ተከፍታ የተወሰነውን ጭስ ትንሿን ሳይነካ ወደ ትልቁ ማሳለፍ ነበረባት። ለምን አልተከፈተችም?

እሑድ፣ ሰኔ 8

ቪት ናት።

ከትንሿ መጭመቂያ ወደ በሯ አንቀሳቃሽ የምትሄድ የጎማ ቱቦ አለች፤ እርሳስ የምታክል። ጫፏን ስጨብጠው ደረቅ ሆነብኝ። ነቅዬ ስጨምቃት አንዲት የዛገች ቪት እጄ ላይ ወደቀች።

ጋሼ ጋ ደወልኩ። ሳቁ። «እሷማ ድሮ ነው፤ ፓምፑን የከፈተልኝ ልጅ ያስገባት። ግፊት ትጨምራለች ብሎ።» እውነቱን ነው፤ ትጨምራለች። በሯ ስለማትከፈት ቱርቦዋ ያለ ገደብ ትዞራለች። በአንድ ቱርቦ ዘመን ጋሼ ዕድለኛ ነበሩ። አሁን ግን ያቺ በር የደህንነት ጉዳይ ብቻ አይደለችም። ሥራውን ለሁለቱ የምታካፍለው እሷ ናት።

ቪቷን አውጥቼ ብቻ ሞከርኩ። ይህም አልሆነም። አንቀሳቃሹ የሚያየው የሁለቱን ብዜት ነው፤ ስፕሪንጉ ግን የተሠራው ለአንድ ቱርቦ ነው። በ20 ገደማ ተከፈተ። ትንሿ ሥራ ሳትጀምር ዱላውን ጣለች። ጠቅላላው 30 ላይ ቆመ፤ መነሻውም ከበደ።

ማክሰኞ ማታ፣ ሰኔ 10

ከቱቦዋ ትንሽ ግፊት የምታስተነፍስ ማስተካከያ ገባች። አንቀሳቃሹ የሚደርሰው ግፊት ስለቀነሰ በሯ የምትከፈተው 35 አካባቢ ነው። ሩብ ዙር አዞራለሁ፣ እነዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ሰባት ጊዜ። በሰባተኛው መሃለኛው 15፣ ጠቅላላው 48፣ የጭሱ 56።

27 ለ12፣ 2.25። 60 ለ27፣ 2.22። ከጠቅላላው ጌጅ ብቻ ብታዩት ከ45 ወደ 48 ነው፤ ምንም አልተለወጠም ትላላችሁ።

ለሊት ስድስት ሰዓት ላይ ለእህቴ ልጅ ቁጥሮቹን በቴሌግራም ላክሁለት። እሳት መለሰልኝ፤ የእሳት ምልክቷን።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

አይ 70። ጋሼ መሪውን ያዙ፣ እኔ ጌጆቹን፣ ልጁ ማስታወሻውን። ተሳቢው ላይ ሦስት መኪና አለ።

ከዴንቨር መውጫ ያለውን የማውንት ቨርነን ሸለቆ ዳገት በአራተኛ ማርሽ ወጣነው። ፊት ሁልጊዜ ወደ ሦስተኛ ነበር የሚመልሱት። ከጆርጅታውን በኋላ ያለው ዳገት ላይ መጀመሪያ የትንሿ ቀጭን ፉጨት ይሰማል፤ ከሥሯ ቀስ ብሎ የትልቁ ወፍራም ድምፅ ይመጣል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ጋሼ ሬዲዮውን ዘጉት። የጭሱ ሙቀት 1,150 ላይ ቆመ፤ 620 ሴልሺየስ ገደማ። በመስታወት ወደ ኋላ አየሁ። ስስ ግራጫ ነገር እንጂ ደመና የለም።

ዋሻው አፍ ላይ የውጭው ግፊት 9.7 ገደማ ነው። መሃለኛው 14፣ ጠቅላላው 41። ልጁ ወዲያው አሰላው፤ ትልቁ 2.44፣ ትንሿ 2.14። አየሩ ሲሳሳ ጫናውን የወሰደው ትልቁ ነው። ትንሿ ከፍታ ላይ መሆኗን እንኳ ያወቀች አይመስልም።

ስንመለስ ተጣጣፊው ቁራጭ አጠገብ ያለውን ብየዳ በባትሪ አየሁት። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች፤ ጫፏ ላይ ጥላሸት ይዟል። እንደገና መበየድ አለባት። ሰኞ ያምጧት ብያቸው ነበር። ጋሼ ግን ለሰኞ ወደ ግራንድ ጃንክሽን ጭነት ይዘዋል። ሐሙስ ተባብለናል።